የዕጣኑ መድኃኒትነት ታወቀ፤ ዛፉ ግን ተተኪ አጥቷል

ከኅዳር አጋማሽ በኋላ የምዕራብ ጎንደርን ቆላ የሚያቋርጥ መንገደኛ የዕጣን ዛፉን የደረቀ ሊመስለው ይችላል። ቅጠሉን አራግፎ፣ እንደ ወረቀት ስስ የሆነ ቅርፊቱ እየተላጠ፣ በድንጋያማው ተዳፋት ላይ ራቁቱን ይቆማል። ሳይንሳዊ ስሙም ከዚሁ ቅርፊት የተወሰደ ነው፤ “ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ” ሲባል ሁለተኛው ቃል “ወረቀት ተሸካሚ” ማለት ነው። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለቡና ሥርዓትና ለውጭ ገበያ የሚቀርበው ነጭ ዕጣን የሚገኘው ዛፉ ሞቶ በሚመስልበት በዚህ የበጋ ወቅት ነው።

አብደራፊ፣ መተማና ቋራ ሲነሱ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታወሰው ሰሊጥ ነው። ሜዳውን የያዘው ዋልካ አፈር የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ ነው፤ ትራክተሩም ባለሀብቱም ወቅታዊ ሠራተኛውም የሚሰባሰበው እዚያው ላይ ነው። የዕጣን ዛፍ ደግሞ ሌላ ሰብል እሺ በማይልበት ጭንጫ ኮረብታና ገደላ ገደል ይበቅላል። ማዳበሪያ አይፈልግም፤ አራሽም አይሻም። ከብቶችና ፍየሎች ቅጠሉን ይበሉታል፤ ሌላ አበባ በሚጠፋበት የበጋ ወራት ንብ ይቀስመዋል። ለዚህ ሁሉ ጥቅሙ የተሰጠው ትኩረት ግን ለአንድ የምርት ዘመን ሰሊጥ የሚሰጠውን ያህል እንኳ አይደለም።

ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ የዕጣን ፈላጊው ዓይነት ተለውጧል። ሽቶ አምራቾች ቀድሞም ነበሩ፤ አሁን የመድኃኒትና የምግብ ማሟያ ፋብሪካዎችም የዕጣንን ውስጠ ነገር እየነጠሉ በክኒን መልክ ያወጡታል። የሚፈለገው ንጥረ ነገር “ቦስዌሊክ አሲድ” ይባላል። በዓለም ላይ ወደ 20 የሚጠጉ የቦስዌሊያ ዝርያዎች ሲኖሩ ስድስቱ በኢትዮጵያ ይገኛሉ። የሰሜን ምዕራቡ ቆላ ዝርያ የሆነው ፓፒሪፌራ፣ ከእነዚህ አሲዶች ውስጥ ተመራማሪዎች ይበልጥ የሚፈልጉትን “ኤ.ኬ.ቢ.ኤ” የተባለውን ዓይነት በብዛት ከያዙት መካከል ነው። በመድኃኒትነቱ ብዙ ጥናት የተደረገበት የሕንዱ ዝርያ ቦስዌሊያ ሴራታ በዚህ በኩል ከእኛው ያንሳል። ፋብሪካው፣ ክኒኑና የንግድ ምልክቱ ግን ያሉት ሕንድና አውሮፓ ነው። ከኢትዮጵያ የሚወጣው ዕጣን በአብዛኛው እንደተለቀመ፣ ከመለየትና ከመታሸግ በቀር ሌላ እሴት ሳይጨመርበት የሚላክ ጥሬ ዕቃ ነው።

መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?

የሰው አካል ሲጎዳ ወይም ራሱን በራሱ ሲያጠቃ እብጠት፣ ትኩሳትና ሕመም ይፈጠራል። ይህን ሂደት ከሚያቀጣጥሉት አንዱ “5-ሊፖክሲጅኔዝ” የተባለ ኢንዛይም ነው። እ.አ.አ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ቦስዌሊክ አሲድ ይህን ኢንዛይም እንደሚገታ በቤተ ሙከራ አሳዩ። የዕጣን ጥናት ከባህል መድኃኒት መዝገብ ወጥቶ ወደ ፋርማኮሎጂ መጽሔቶች በስፋት የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

በሰው ላይ ከተደረጉት ሙከራዎች ጠንከር ያሉት የጉልበት መገጣጠሚያ መበላትን ይመለከታሉ። እ.አ.አ በ2003 በሕንድ 30 ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ ታትሟል፤ ጭማቂውን የወሰዱት ሕመማቸውና የጉልበታቸው እብጠት መቀነሱ፣ የሚራመዱት ርቀትም መጨመሩ ተመዝግቧል። የሕክምና ማስረጃዎችን በማጣራት የሚታወቀው ኮክሬን በ2014 ባወጣው ግምገማ፣ 100 ሚሊ ግራም የተጣራ የቦስዌሊያ ሴራታ ጭማቂ ለ90 ቀናት የወሰዱ ሰዎች ሕመም መድኃኒትነት የሌለው ተመሳሳይ ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር በ100 ነጥብ መለኪያ በ17 ነጥብ ገደማ ዝቅ ማለቱን አስፍሯል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ ነበር። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ይባላል እንጂ ነገሩ አለቀ ደቀቀ የሚያሰኝ አይደለም።

ሌላው በጀርመን እ.አ.አ በ2011 የታተመው ሙከራ ነው። በጭንቅላት ዕጢ ምክንያት የጨረር ሕክምና ከሚከታተሉ 44 ሕሙማን ከፊሎቹ በቀን 4 ነጥብ 2 ግራም የቦስዌሊያ ጭማቂ ወሰዱ። በአንጎላቸው የተፈጠረው እብጠት ከሦስት አራተኛ በላይ የቀነሰላቸው፣ ጭማቂውን ከወሰዱት 60 በመቶ ሲሆኑ ካልወሰዱት ደግሞ 26 በመቶ ናቸው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። የቀነሰው በዕጢው ዙሪያ የነበረው እብጠት ነው፤ ሙከራው ዕጣን ካንሰርን ይፈውሳል አላለም። በገበያውና በማኅበራዊ ሚዲያው “የካንሰር መድኃኒት ተገኘ” እየተባለ የሚነዛው ወሬ ይህን ልዩነት ይውጠዋል።

ፓፒሪፌራን ከሌሎች ዝርያዎች ከሚለዩት ንጥረ ነገሮች አንዱ “ኢንሴንሶል አሲቴት” ይባላል። እ.አ.አ በ2008 የኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ይህ ንጥረ ነገር በአይጦች አንጎል ውስጥ ያለ አንድ ተቀባይን እንደሚያነቃና አይጦቹ ላይ የጭንቀት ምልክት እንደሚቀንስ ገልጿል። ዕጣን በሚታጠንበት ቤት መንፈስ ይረጋጋል የሚለውን የቆየ ስሜት ይህ ያስረዳ ይሆን ብሎ መጠየቅ ያጓጓል፤ ሆኖም ጥናቱ በአይጥ ላይ እንጂ በሰው ላይ አልተደረገም።

ጭሱን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ዕጣኑ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጭሱ አይጎዳም ማለት አይቻልም። ማንኛውም ጭስ ወደ ሳንባ የሚዘልቅ ደቃቅ ብናኝና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ከከሰሉ ጋር ሲደመር ደግሞ ይብሳል። አስም ያለበት ሰው፣ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ባለበት ጠባብ ክፍል ከታጠነ መስኮትና በር መክፈት የግድ ነው። ክኒኑም ቢሆን አንዳንዱን ሰው ሆድ ያስቀምጣል፣ ያቅለሸልሻል። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ሊጠቀሙት አይገባም፤ ለነፍሰ ጡሮችም አይመከርም።

ለአብደራፊና አካባቢው ነዋሪ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ አንገብጋቢው ጉዳይ ሌላ ነው። ዕጣን የሚያመርተውም ሆነ ሰሊጥ የሚያጭደው ሠራተኛ ለወራት በረሃ ያድራል። አካባቢው የወባ ብቻ ሳይሆን በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው የካላዛር መናኸሪያም ነው፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት በአብደራፊ ለዓመታት የካላዛርና የእባብ ንድፊያ ሕክምና ሲሰጥ የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። ዕጣን ማጨስም ሆነ ሙጫውን ማኘክ የካላዛር መድኃኒት አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳትና የጣፊያ ማበጥ የታየበት ሰው ፈጥኖ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ በወቅቱ ካልታከመ በሽታው ገዳይ ነው፤ ከታከመ ግን ይድናል።

ከዕፅዋት መድኃኒት ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የወባው መድኃኒት ጥሩ ምሳሌ ነው። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው አርቴሚሲኒን “አርቴሚሲያ አኑዋ” ከተባለ ተክል የተነጠለ ነው፤ ለዚህ ግኝት ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት የዚያኑ ተክል ቅጠል አፍልቶ መጠጣትን ለወባ ሕክምና አይመክርም፤ በሻዩ ውስጥ ያለው የንጥረ ነገር መጠን ከቅጠል ቅጠል ይለያያል። ንጥረ ነገሩ ተነጥሎ፣ ተለክቶ፣ በሰው ላይ ተፈትሾ ሲያልፍ ነው መድኃኒት የሚባለው። ዕጣንም የሚጠብቀው መንገድ ይኸው ነው።

ከቅርፊት እስከ ክኒን

ምርቱ የሚጀምረው ዝናቡ ካባራ በኋላ በጥቅምት አካባቢ ሲሆን እስከ ሰኔ መግቢያ ይዘልቃል። አምራቹ በስለታም መፋቂያ የግንዱን ቅርፊት በጥቂቱ ፋቅ ያደርጋል። የመጀመሪያው ቁስል ትንሽ ነው፤ ስፋቱ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ነጭ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያንጠባጥባል፤ በነፋስና በፀሐይ ይረጋል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ አምራቹ ተመልሶ የረጋውን ይለቅማል፤ ቁስሉን በጥቂቱ እያሰፋ እንደገና ያድሰዋል። በአንድ የበጋ ወቅት ይህ እስከ አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ይደጋገማል። ቆላውን የማያውቅ ሰው ሥራውን እንደ ፍሬ ለቀማ ቀላል ሊያስበው ይችላል፤ ከ40 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት፣ ውኃ ከሩቅ እየተቀዳ፣ ኮረብታ ለኮረብታ የሚሠራ ሥራ ነው።

ፈሳሹ የሚመጣው ከየት ነው? በሃዋሳ ዩኒቨርሲቲ ወንዶ ገነት ያስተማሩት ሞቱማ ቶለራና ባልደረቦቻቸው እ.አ.አ በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ሙጫ የሚያመነጩት ቀጫጭን ቱቦዎች በውስጠኛው ቅርፊት ውስጥ እንደ መረብ ተያይዘው እንደሚገኙ አሳይተዋል። በሥራ ላይ ያሉት ቱቦዎች የሚገኙት ወደ እንጨቱ በተጠጉት ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ውስጥ ነው። ቱቦዎቹ የተያያዙ በመሆናቸው ከአንድ ቁስል ሩቅ ያለ ሙጫም ይፈሳል። እንጨቱን እስኪነካ ድረስ የሚቆርጥ ሰው ለተባይ በር ይከፍታል። ቁስሉን ማብዛትም ከተወሰነ ቁጥር በላይ ምርቱን አይጨምርም፤ ዛፉን ብቻ ያደክማል።

የተለቀመው ዕጣን በጥላ ይደርቃል፤ ከዚያ በእጅ ይለያል። በየመጋዘኑ ይህን የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ነጩና ትልልቁ አንደኛ ደረጃ ይይዛል፤ የጠቆረው፣ ቅርፊት የተቀላቀለበትና ዱቄቱ መጨረሻ ይወጣል። የዚህ አሠራር መሠረቱ መልክ ነው፤ ምክንያቱም ገዢው ለማጤስ ነው የሚገዛው። ለመድኃኒት ፋብሪካ ግን ከመልኩ ይልቅ በውስጡ ያለው የቦስዌሊክ አሲድ መጠን ነው ቁም ነገሩ። ጥቁሩና ደቃቁ ዕጣን ቅርፊትና አፈሩ ከተወገደለት ለመነጠያ ሊውል ይችላል። በመልኩ ብቻ ረክሶ የሚሸጠው ክፍል ላይ ዋጋ መጨመር የሚቻልበት አንዱ ቀዳዳ ይህ ነው፤ በአካባቢው ግን ይህን የሚለካ ቤተ ሙከራ ካልተቋቋመ ዋጋውን የሚቆርጠው ሁልጊዜ ገዢው ይሆናል።

ዕጣን በሦስት ይከፈላል ማለት ይቻላል፤ በእንፋሎት የሚወጣ ዘይት፣ በአልኮል የሚሟሟ ክፍልና በውኃ የሚሟሟ ክፍል። ዘይቱን ማውጣት ቀላሉ ነው፤ ዕጣኑ በውኃ እንፋሎት ይመታል፣ እንፋሎቱ ይቀዘቅዛል፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል። አረቄ ለሚያወጣ ሰው ዘዴው እንግዳ አይሆንበትም። የፓፒሪፌራ ዘይት በአብዛኛው “ኦክቲል አሲቴት” የተባለ የፍራፍሬ ጠረን ያለው ንጥረ ነገር ነው፤ ሽቶ አምራቾች የሚፈልጉትም ለዚህ ነው። ቦስዌሊክ አሲድ ግን ከባድ ስለሆነ በእንፋሎት አይነሳም። በጋኑ ውስጥ ከሚቀረው ዝቃጭ ጋር ይቀራል። ስለዚህ በዓለም ገበያ “ቦስዌሊክ አሲድ አለው” እየተባለ በውድ የሚሸጥ የዕጣን ዘይት ካለ አባባሉ ትክክል አይደለም። መልካሙ ዜና ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ቆሻሻ አይደለም፤ የመድኃኒቱ ጥሬ ዕቃ ነው። ከአንድ ኩንታል ዕጣን ሁለት ምርት ማግኘት ይቻላል።

አሲዱን ለመነጠል ዝቃጩ ወይም ዕጣኑ በአልኮል ይሟሟል፤ ያልሟሟው ይጣራል፤ ከዚያም በአልካሊና በአሲድ ተራ በተራ እየታከመ ቦስዌሊክ አሲዱ ከሌላው ይለያል። መጠኑ በክሮማቶግራፊ መሣሪያ ይለካል። ሕንዶች የሚሸጡት ጭማቂ ብዙውን ጊዜ 65 በመቶ ቦስዌሊክ አሲድ የያዘ ነው። ንጥረ ነገሩ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በትንሹ በመሆኑ ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ የተሻለ እንደሚሠራም ታውቋል። ከዚህ ሂደት ውስጥ ወደ ህዋ የሚያስወነጭፍ ቴክኖሎጂ የሚጠይቅ ነገር የለም። የሚጠይቀው አልኮል፣ ንጹሕ ውኃ፣ ኤሌክትሪክ፣ መለኪያ መሣሪያና የሠለጠነ ኬሚስት ነው። አብደራፊ ላይ ይህ ሁሉ ነገ ይሟላል ማለት ባይቻልም፣ በክልሉ ዩኒቨርሲቲዎችና የኢንዱስትሪ ፓርኮች ባሉባቸው ከተሞች ሊታሰብ የማይችል አይደለም።

የማይተካው ዛፍ

ይህ ሁሉ ዕቅድ የሚቆመው ዛፉ ካለ ነው። እ.አ.አ በ2012 የታተመውና እዚሁ መተማ ላይ የተካሄደው ጥናት የሚያሳየው አስደንጋጭ ነው። ፒተር ኩረነንዳይክ፣ የደን ተመራማሪው ዶክተር አበጀ እሸቴ፣ በኔዘርላንድስ የዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲው ፍራንስ ቦንገርስና ባልደረቦቻቸው በ12 ቋሚ የጥናት ቦታዎች ላይ ዛፎችን ለሁለት ዓመት ተከታተሉ። ከቦታዎቹ ከፊሎቹ ዕጣን የሚመረትባቸው ናቸው፤ ከፊሎቹ ያልተነኩ። በሁሉም ላይ ብዙ ቡቃያ አለ፤ ወደ ለጋ ዛፍነት ያለፈ ግን አልተገኘም። ትልልቆቹ ዛፎች በዓመት ከ6 እስከ 7 በመቶ ይሞታሉ። በዚሁ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ የዛፉ ቁጥር በ90 በመቶ፣ ምርቱም በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተነበዩ። ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል።

ያልተነኩትም እያለቁ መሆናቸው ማፋቅ ብቻውን ተጠያቂ አለመሆኑን ያሳያል። ዋናዎቹ እሳት፣ ልቅ ግጦሽና ጥንዚዛ ናቸው። ቡቃያው በየበጋው ከላይ ይደርቃል፤ ከሥር ባለው እብጥ ሥሩ ለዓመታት እየቆየ በክረምት ያቆጠቁጣል። ከዚህ ደረጃ ለማለፍ ጥቂት ዓመት ሰላም ይፈልጋል። ያን ሰላም ሣር የሚያቃጥል እሳት ወይም ፍየል ይነሳዋል። ትልቁን ዛፍ ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር እንቁላል የሚጥለው ረጅም ቀንድ ጥንዚዛ ከውስጥ ይቦረቡረዋል፤ ነፋስ ሲመታው ይወድቃል።

ማፋቅ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። በኤርትራ የተካሄደውና እ.አ.አ በ2006 የታተመው ጥናት እንደሚለው፣ ካልተፋቁ ዛፎች የተለቀመ ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ በብዛት ከሚፋቁት የተለቀመው የበቀለው ከ16 በመቶ በታች ነበር። ዛፉ ለዘር ማዋል የነበረበትን ጉልበት ቁስሉን ለመድፈን አውሎታል።

ችግሩ የመተማና የአብደራፊ ብቻ እንዳልሆነ የታየው በ2019 ነው። ቦንገርስና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 ቦታዎች ላይ 21 ሺህ 786 ዛፎችን ለኩ፤ የ202 ዛፎችንም የዕድሜ ቀለበት ቆጠሩ። ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ቦታዎች ትንንሽ ዛፍ የለም፤ ለአሥርት ዓመታት የተተካም የለም። የዓለም ዕጣን ሁለት ሦስተኛው የሚመጣው ከዚህ ዝርያ ነው።

በቆላው ላይ ያለው ተጨማሪ ጫና የእርሻ መስፋፋት ነው። ከ1995 ዓ.ም ወዲህ በሠፈራ ፕሮግራም በርካታ አባወራዎች ወደ መተማና አካባቢው መጥተዋል፤ ሰሊጡም በየዓመቱ ወደ ጫካው ዳር ይገፋል። ሰሊጥ በአራት ወር ገንዘብ ይሆናል፤ የዕጣን ዛፍ ለፍቆ እስኪደርስ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። ገበሬው በየትኛው እንደሚያደላ መገመት አይከብድም፤ በእርሱም መፍረድ አይገባም። የዕጣን ጫካው በአጭር ውል ለኩባንያ ወይም ለማኅበር ሲሰጥም ነገሩ ያው ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ጫካው የእርሱ እንደማይሆን የሚያውቅ ተዋዋይ ለሃያኛው ዓመት ቡቃያ አያስብም።

መደረግ የሚችለው በምርምር የተፈተሸ ነው። ግንዱ ከ10 ሴንቲ ሜትር የቀጠነ ዛፍ አይነካም። የተፋቀ ጫካ በተራ ዓመት ያርፋል፤ ያረፈው ክፍል ዘር የሚሰጥ ይሆናል። ከግጦሽ የተከለሉ ቦታዎች ቡቃያው አንገቱን እንዲያቀና ዕድል ይሰጡታል። ዛፉ ከቅርንጫፍ ቁራጭም ይበቅላል፤ ክንድ የሚያህል ወፍራም ቁራጭ ቅጠሉ ሳይወጣ፣ በበጋው ማብቂያ ላይ ተቆርጦ ሲተከል ከዘር ከሚፈላው ቡቃያ በብዙ ዓመት ይቀድማል። የእሳት መከላከያ መስመሩ መጠረግ ያለበት ደግሞ ሣሩ ሳይደርቅ፣ ሰሊጡ ታጭዶ ሠራተኛው ወደ ቀዬው ከመመለሱ በፊት ነው። በጥቅምት ጉልበት በአካባቢው አለ፤ በጥር ግን እሳቱ ሲነሳ ጫካው አጠገብ የሚቀረው ዕጣን ለቃሚው ብቻ ነው።